የዳኛው ሦስት መስመር

መምህርቷ ቅዳሜ ከሰዓት በምታስተምረው የጎልማሶች የእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ አንድ የማትፈልገው ተማሪ ነበራት፤ የገዛ አባቷ። ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ሰላምታቸው እንኳ የፍርድ ሐተታ ይመስላል፤ ተረትና ምሳሌ ሳይደረድሩ ውሃ አይጠይቁም። እናቷ በሞተች በሳምንቱ ልብሷን ሁሉ ሰብስበው ለሰው ሰጡ። እንባቸውን ያየ የለም። ያን ጊዜ የልጃቸው ሆድ ሻከረ፤ ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ብቅ የምትለው ለወግ ያህል ነው።

የዚያን ቀን ትምህርቱ ሃይኩ ነበር፤ ከጃፓን የመጣ፣ ሦስት አጫጭር መስመር ያለው ግጥም፤ የሚጽፉት ግን በእንግሊዝኛ ነው።

"ዛሬ በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ" አለች። "ፍቅር፣ ሐዘን፣ ሕይወት የሚባል ቃል አልፈልግም። ማንኪያ ካያችሁ ማንኪያ በሉ።"

ከተማሪዎቹ አንዱ የሆነው ፀጉር አስተካካይ ስለ ዘላለም ጽፎ መጣ። "ዘላለምን ተወውና መቀስህን አምጣ" አለችው፤ ክፍሉ ሳቀ። አባቷ ሲነሱ 'አሁን ደግሞ የምሳሌ መዓት ሊወርድ ነው' ብላ ጥርሷን ነከሰች። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አስተካክለው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይህን አነበቡ፦

ሁለት የጥርስ ብሩሽ
ባንድ ብርጭቆ፤
እርጥቡ አንዱ ብቻ።

ተቀመጡ።

"አለቀ?" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "አንዱ ቢደርቅስ፣ ምን ይጠበስ?"

አጠገቡ የተቀመጠችው ነርስ በክርኗ ጎሸም አድርጋ በጆሮው አንድ ነገር አለችው። ሰውየው አንገቱን ደፋ።

መምህርቷ ክው ብላ ቀረች። ማርከሩ ከእጇ አምልጦ ጠረጴዛ ሥር ሲንከባለል ታየዋለች፤ ጎንበስ ብላ ማንሳት ግን አቃታት። ተራ ነገር ሰው ይጥላል እያለች ስንት ጊዜ አስተምራለች፤ እኔንም ይጥለኛል ብላ ግን አስባ አታውቅም። የቀሩትን ተማሪዎች ሳታስነብብ ክፍሉን በተነች።

አባቷን ደጃፉ ላይ ደረሰችባቸው።

"የእማዬን ልብስ ግን ሰጡት" አለች። ከሁሉ ቀድሞ ያመለጣት ይኸው ነበር።

"እናትሽ ናት ያዘዘችኝ። 'ብል ሳይበላው ለሚለብሰው ስጥልኝ' ብላ አስምላኝ።" መነጽራቸውን አወለቁ። "ስለ ጥርስ ብሩሿ ግን ምንም አላለችም።"

መምህርቷ ግድግዳውን ተደገፈች። ይህን ሁሉ ጊዜ የፈረደችባቸው ሳትጠይቃቸው ነው።

"ለምን አልነገሩኝም፣ አባባ?"

"በምን ቃል ልንገርሽ፣ ልጄ? በራሴ ቋንቋ አፌን ስከፍት የሚመጣልኝ ዲስኩር ነው። እንግሊዝኛዬ ድሃ ሆነና፣ ያለኝ ብሩሽና ብርጭቆ ብቻ ሆነ።"

ክንዳቸውን ያዘች።

"እራት ምን ይበላሉ?"

"እንቁላል።"

"ትናንትስ?"

"እንቁላል።"

ይህንንም አታውቅም ነበር። አትክልት መሸጫው ሳይዘጋ እንድረስ ብላ ይዛቸው ሄደች፤ መንገዱን ሙሉ ክንዳቸውን አልለቀቀችም።