ቫዝሊን የተቀባው መስታወት

መቀመጥ አቅቶኛል። ከማይክሮስኮፑ እነሳለሁ፣ መስኮቱ ጋ እሄዳለሁ፣ ተመልሼ አያለሁ፤ ያው ናቸው። ብርቱካንማ፣ ድብልብል፣ ዙሪያቸውን እሾህ ያወጡ የስንዴ ዋግ ብናኞች! ሥራዬ ይኸው ነው፤ የቢሮው ጣሪያ ላይ ቫዝሊን የተቀባ መስታወት እሰቅላለሁ፣ በማግስቱ አውርጄ ነፋሱ ምን ይዞ እንደመጣ አያለሁ። በሽታው ቅጠል ላይ ሳይታይ ለገበሬው እንድንነግር።

"በአንድ መስታወት አገር አናሸብርም፤ የነገውን እንይ" አለኝ አለቃዬ ሻዩን እያማሰለ። ድብን አልኩ። ነገ ዝናብ ነው፤ በዝናብ ደግሞ መድኃኒት አይረጭም።

ለወንድም ጋሼ ደወልኩ። አምና ሰብሉን በረዶ ፈጅቶበታል፤ የዘንድሮው ስንዴም ከከዳው እርሻውን ጥሎ ሊሰደድ ነው።

"ዛሬውኑ ርጭ!"

"አንቺ ሟርተኛ! ይኸው ማሳው ዳር ቆሜአለሁ፣ አንድ ነጥብ የለበትም። ጤነኛ ሰው መርፌ ይወጋል እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። ሰው እንዴት እንዲህ ይደርቃል!

ይህን ጊዜ ዘበኛችን ብቅ አለ። "ለካ አልነገርኩሽም፤ ትናንት ወንድምሽ መጥቶ አጣሽ። እህቴ የምታወራለትን መስታወት ልየው ብሎ ጣሪያው ላይ ወጣ። ጃኬቱን እዚያው አራግፎ ወረደ።"

አለቃዬ ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። "በይ፣ ብናኙን ያመጣው ነፋስ ሳይሆን የወንድምሽ ጃኬት ነው!"

እኔም ተመስገን ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ ንዴቱ መጣ። የማሳ ልብስ ወደዚያ ጣሪያ ድርሽ እንዳይል ስንቴ ለፍልፌአለሁ! ልሰድበው እንደገና ደወልኩ።

"ያንን ጃኬት ለብሰህ የማንን ማሳ ስትዞር ነበር?"

"የማንን እዞራለሁ? ከራሴው ስንዴ መሀል ወጥቼ በቀጥታ አንቺ ጋ መጣሁ እንጂ።"

እንግዲያው ብናኙ የመጣው ከራሱ ማሳ ነው! አጠገቤ ቆሞ የሰማው አለቃዬም ሳቁን ዋጠ።

"ወንድም ጋሼ፣ በናትህ መሀል ግባ። ጎንበስ ብለህ የታችኞቹን ቅጠሎች በጣትህ እሻቸው።"

"አሁንስ አበዛሽው" እያለ ገባ። ስንዴው ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል።

"ጣቴ አቧራ ነገር ይዟል" አለ በመጨረሻ። "ብርቱካንማ።"

"ላይኛው ቅጠልስ?"

"ላይኛው ደህና ነው።"

"ፍሬውን የሚመግበው እሱ ነው፤ እንግዲያው ይተርፋል። ዝናቡ ሳይመጣ ርጭ፣ አሁኑኑ!"

አለቃዬ ለሌሎቹ ገበሬዎች ለመደወል ወደ ራሱ ክፍል ሮጠ። ወንድሜ ሲያለከልክ ይሰማኛል፤ እሱም እየሮጠ ነው።

"እህቴ" አለኝ፣ "ስልኩን እንዳትዘጊው። መርጫውን እስካነሳ እንዳትዘጊው።"