በንጹሕ ውሃ የተነከሩት

ሥራዬ የጥርስ መሙያ ማበላሸት ነው። የጥርስ መልክ ያለውን መሙያ በሸሚዝ ቁልፍ መጠን እያደረቅኩ በየብልቃጡ እነክረዋለሁ፤ አንዱን በቡና፣ አንዱን በሻይ፣ አንዱን በቀይ ወይን፣ የመጨረሻውን በተጣራ ውሃ። ከአራት ሳምንት በኋላ የትኛው ምን ያህል እንደጠቆረ በመሣሪያ እለካለሁ። ውሃ ውስጥ ያለው ነጭ ሆኖ መቅረት አለበት፤ ሌሎቹ የሚመዘኑት በእሱ ነው።

ሰኔ ላይ የተጣራ ውሃ አለቀብን። እኔ ደግሞ ልጄን ራሊጻን ለትምህርት ቤት እረፍቷ እናቴ ዘንድ አድርሼ ስመለስ ከመንደራችን ምንጭ አንድ ጀሪካን ሞልቼ መጥቼ ነበር። የእኛ የሮዶፒ ተራራ ሰው የመንደሩ ምንጭ ከሚታማበት እናቱ ብትታማ ይመርጣል። ከዚህ የበለጠ የተጣራ ከየት ይመጣል ብዬ ብልቃጡን ሞላሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

ሐምሌ ላይ ክዳኑን ስከፍት የወይኑ ሐምራዊ፣ የቡናው እንደ አሮጌ ጫማ ሆኗል። ይህ የሚጠበቅ ነው። የውሃው ግን አመድማ ነበር። አጠብኩት፣ ቦረሽኩት፤ ያው ነው።

አለቃዬ ዶክተር ቬልኮቫ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት።

"ኔደልያ፣ ምን ውስጥ ነው የነከርሽው? ምድጃ ውስጥ?"

ሁሉንም ተናዘዝኩ። ይጮሁብኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አልጮሁም።

"ይሄን ውሃ ማነው የሚጠጣው?" አሉኝ።

"እናቴ። አሁን ልጄም እዚያው ናት።"

"ከምንጩ በላይስ ምን አለ?"

ከምንጩ በላይ ተዘግቶ የኖረ የማዕድን ዋሻ አለ። መጋቢት ላይ እንደገና ሲከፍቱት መንደሩ ሥራ ተገኘ ብሎ ጨፍሯል፤ እኔም አብሬ ጨፍሬአለሁ። ይህን ስነግራቸው የተረፈውን ውሃ በጠርሙስ አሽገው ለምርመራ ላኩ።

"ውጤቱ ሳምንት ይፈጃል። አንቺ ግን አትጠብቂ።"

ወዲያው ደወልኩ።

"እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከምንጩ እንዳትጠጡ፣ አንቺም እሷም።"

"አያትሽ ይሄንኑ እየጠጣ ነው ዘጠና ሦስት ዓመት የኖረው። አንቺ ነሽ በጠርሙስ ውሃ የገረጣሽው።"

"እሱ የጠጣው እኮ ዋሻው ሳይከፈት ነው።"

"በይ ተይኝ፣ ቃሪያው እያረረብኝ ነው።"

እናቴን መምከር ውሃ መውቀጥ ነው። አመድማ የሆነውን መሙያ ለማሳያ ኪሴ ከትቼ መኪናዬን አስነሳሁ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ፈርቼ ነዳሁ።

ራሊጻ እየሮጠች መጥታ ሳቀችልኝ። ግንቦት ላይ ከብስክሌት ወድቃ የፊት ጥርሷ ተሸርፎ ነበር። የተሞላላት በዚያው በእኛ መሙያ ነው፤ ቀለሙን የመረጥኩትም እኔ ነኝ። በደንብ ከመመሳሰሉ የተነሳ የትኛው የራሷ እንደሆነ እኔንም ይጠፋኝ ነበር። አሁን ግን ከሩቅ ታየኝ።

"ሆዴ፣ እስቲ አፍሽን ክፈቺ።"

አመድማውን መሙያ ከኪሴ አውጥቼ ከጥርሷ ጋር አስጠጋሁት። አንድ ቀለም ናቸው።

እናቴ የቃሪያ ልጣጭ እጇ ላይ እንደተጣበቀ ከኋላዬ ቆማለች። ትተርትብኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

"ጥቁር እንጆሪ የበላችበት መስሎኝ ነበር" አለች። "ውሃውን በባዶ ሆዷ ነው የምሰጣት። በየማለዳው ሁለት ሁለት ብርጭቆ። አልፈልግም ስትለኝ እያስገደድኳት።"