ሰባት ቤት ለናሁሰናይ

«ሦስተኛው በረንዳ» የሚባለው የቴሌቪዥን ድራማ ልክ ሠርጉ ሊደርስ ሲል ተቋረጠ። ስፖንሰሩ ለቀቀ ተባለ። እኛ ተመልካቾቹ ግን ሠርግ ቃል ተገብቶልን ስለነበር ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈትንና ገፀ ባህሪያቱን ተከፋፍለን ራሳችን ቀጠልነው። ሕጉ ቀላል ነው። የመረጥከውን ሰው ሆነህ ትጽፋለህ፣ በድምፅም ትናገራለህ፤ ከባህሪው ከወጣህ አድሚኗ ለሊሴ ትቀማሃለች።

ክፉዎቹ በአንድ ቀን አለቁ። ሰው ሁሉ መርዝ ማጠጣት ነው የሚፈልገው። ሙሽራውን ናሁሰናይን ግን የሚነካው ጠፋ፤ ድራማው ውስጥም ሥራው በረንዳ ላይ ቆሞ ማፍቀር ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ልፍስፍስ ሰው እኔም አልወድም። እሱን የወሰድኩት ሙሽሪትን፣ ሳምራዊትን፣ የምትጫወተው መቅደላዊት ስለሆነች ነው።

መቅደላዊት በእውነተኛው ሕይወት ፍቅረኛዬ ነበረች። እኔ መገናኛ ሞባይል እጠግናለሁ፤ እሷ ከሱቄ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ሒሳብ ትሠራለች። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልልክ ተስማምተናል። ያስፈሩኝ አባቷ አቶ በላይነህ ናቸው፤ የካ ሚካኤል ተወልደው እዚያው ያረጁ፣ ጡረታ የወጡ የማዘጋጃ ቤት ሰው። ከእኔ በፊት ሌላ ሰው የላካቸውን ሽማግሌዎች አንደኛው ማስቲካ ያኝካል ብለው መልሰዋቸዋል።

መላ የዘየደችው መቅደላዊት ናት። አባቷ በድራማው መቋረጥ ከማንም በላይ ተናደው ስለነበር ግሩፑ ውስጥ አስገባቻቸውና የሳምራዊትን አባት፣ አቶ ድንበሩን፣ እንዲጫወቱ አደረገች። እሳቸው ልጅ መዳርን እንዲለማመዱ፣ እኔም ምን ምን እንደሚጠይቁ አስቀድሜ እንድሰማ ነበር ሐሳቧ። ናሁሰናይን የሚጫወተው ማን እንደሆነ አልነገረቻቸውም።

አቶ በላይነህ ጨዋታ አያውቁም። ሁሉንም ሰው «እርስዎ» እያሉ፣ አራት ነጥብ ሳይረሱ ይጽፋሉ። አንዱ ክፉ በሽጉጥ ቢያስፈራራቸው ለወረዳው ማመልከታቸውን ገለጹለት፤ ልጁ ሽጉጡን አስቀመጠ። የናሁሰናይ ሽማግሌዎች ሲመጡማ «ከቤተሰብ ጋር እንመካከር» ብለው ቀጠሮ ሰጡ። የምር ቀጠሮ። ግሩፑ በሙሉ ተጎልቶ የእሳቸውን ምክክር ሲጠብቅ ሰነበተ።

ቀጠሮው ሲደርስ አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረቡ። ልጁ ሰባት ቤት ይቁጠር፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ።

ደራሲው ለናሁሰናይ የአባት ስም እንኳ አልጻፈለትም። እኔ በዚያች ሰዓት የደንበኛ ስልክ ፈትቻለሁ፣ ብሎኑን በከንፈሬ ይዣለሁ። ስም የመፍጠር ተሰጥኦም የለኝም። ድምፅ መቅጃውን ተጫንኩና የራሴን አባቶች ቆጠርኩ፤ ልደቱ፣ ቶሌሳ እያልኩ አምስተኛው ጎበና ጋ ደረስኩ። ወሬው እንዳይደርቅ ብዬም የጎበናን ታሪክ ጨመርኩበት። ማር ሊቆርጥ ዛፍ ወጥቶ ንብ ቢነድፈው፣ ወርዶ ዛፉን ከነማሩ አቃጠለ፤ ከዚያም ጎረቤቱን ሁሉ ተቀይሞ፣ አንዱን ልጁን ብቻ ይዞ ወደ ካራ ሄደ። ለሊሴ ለገፀ ባህሪው ሕይወት ዘራህበት ብላ አመሰገነችኝ።

 ከዚያ የአቶ በላይነህ ድምፅ መጣ።

«ያ ዛፍ የነደደው ጉራራ ነው፤ ከወንዙ ወዲህ። ጎበና የአያቴ አባት ነው። ልጄ፣ አንተ በእውነት የማን ልጅ ነህ?»

ፈጥሬው ነው ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ንዴት አይፈጠርም፣ እኔም አለብኝ አሉ።

ካራ የሄደው ዘር ጠፍቶ የቀረ ይመስላቸው ነበር። ስልክ ቁጥሬን ተቀብለው ደወሉ፤ አለቀሱ። ፋሲካን ቤታቸው አስጠሩኝ፣ ዘመድ አዝማድ ሰብስበው አሳዩኝ፣ በእጃቸው አጎረሱኝ። ሽማግሌ ልኬ አገኘዋለሁ ያልኩትን ሁሉ አገኘሁ፤ ከአንድ ነገር በቀር። መቅደላዊት ማዶ ተቀምጣ ምግቡን ትነካካለች።

በማግሥቱ ሥራ ስንገባ ፎቁ ደረጃ ላይ አገኘኋት። ዝምድናውን እንካድ፣ ታሪኩን ከሰው ሰማሁት እላለሁ፣ ማንም አያውቅብንም አልኳት። አባቷ እንደዚያ ደስ ሲላቸው አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ከዚያ «እኔም ቆጠርኩ» አለች። «ደጋግሜ ቆጠርኩ። አንተን ሳይህ አሁን አያቴ ይመጡብኛል። አልችልም ወንዴ።» እሷ ወደ ቢሮዋ ወጣች። እኔ እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሰው እየተራመደኝ አለፈ።

ለሊሴ ሕግ አክባሪ ናት። ሙሽራና ሙሽሪት ዘመዳሞች መሆናቸው በድምፅ ስለተረጋገጠ ናሁሰናይን ከእኔ ወስዳ ለባፈና ሰጠችው። ባፈና ከደቡብ የመጣ ልጅ ነው፤ ሰባቱን አባቶቹን ትንፋሽ ሳይወስድ ዘረገፋቸው፣ አቶ በላይነህም አንዱንም አያውቁትም። ለእኔ የሳምራዊት ወንድም ምትኩ ደረሰኝ። እሱ ይስማማዋል ብለው ያስወሰኑልኝ አቶ በላይነህ ናቸው።

ሠርጉ እሑድ ከሰዓት ግሩፑ ላይ ሆነ። እኔ እንጦጦ ወጥቼ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነበር፤ ከዚያ የነመቅደላዊት ሰፈር ጣሪያው ይታያል። በወጉ መሠረት የሙሽሪት ወንድሞች በር ይዘው ሙሽራውን አናስገባም ይላሉ፤ ጥቂት ተከራክረው ይለቃሉ። ባፈና ከነሚዜዎቹ ደጅ ደረሰ። «አይገባም» ብዬ ጻፍኩ።

ሚዜዎቹ ለመኑ፣ ሽቶ ረጩ፣ በድምፅ ጨፈሩ። አይገባም አልኩ። ለሊሴ ትወናዬን አደነቀች። ባፈና ጉልበቴን ሳመ። አይገባም። ቆይቶ ሰዉ መሰልቸት ጀመረ፤ አንዳንዱ ግሩፑን ለቆ ወጣ። አቶ በላይነህ ብቻ ተዉት፣ እህቱ እኮ ናት፣ ወጉ ነው እያሉ ተከራከሩልኝ።

በመጨረሻ የመቅደላዊት ድምፅ መጣ። ሳምራዊትን ስትሆን ድምፅዋን ታቀጥነዋለች። ይሄኛው የራሷ ነበር።

«ወንድሜ፣ ክፈትላቸው» አለች።

ከፈትኩ።