የአመልካቿ እናት

"እናቴ፣ ልጅ አጅበው የመጡ ወላጆች የሚጠብቁት ከታች ነው" አለቻት እንግዳ ተቀባይዋ፣ ቀና ሳትል።

"ልጅ አጅቤ አልመጣሁም።"

"ታዲያ ማንን ፈልገው ነው?"

"ለሥራ ልምምዱ ቃለ መጠይቅ ተጠርቼ ነው። አመልካቿ እኔ ነኝ።"

እንግዳ ተቀባይዋ ያን ጊዜ ቀና አለች። ስሟን ፈልጋ አገኘችውና ፊቷ ቀላ፤ ይቅርታ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ "ምንም አይደል" ብላ ባዶ ወንበር ፈለገች። ለምዳዋለች። ማታ ማታ ሕግ መማር ከጀመረች ወዲህ መምህሯ መስላቸው ከመቀመጫቸው የተነሡላት ተማሪዎች አሉ፤ የጽዳት ሠራተኛ መስላቸው ሳሙና አልቋል ያሏትም አሉ።

ጸጉር ሠሪ ናት። ጸጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች የሕግ መጽሐፍ መስተዋት ላይ አስደግፋ ስለምታነብ፣ ደንበኞቿ "ጠበቃ ቢጎዲን" የሚል ስም አውጥተውላታል። ስሙ ቀልድ ነው፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ግን ቀልድነቱ ትንሽ ይቆጠቁጣታል።

አሁን የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ጠበቆች ቢሮ ገብቶ የሥራ ልምምድ ያላደረገ ተማሪ አይመረቅም፤ የተቀበለውን ቢሮ ለትምህርት ክፍሉ ማሳወቂያው ደግሞ ዓርብ ያበቃል። ያላንኳኳችው በር የለም። አንደኛው ቢሮ "ሮጥ ሮጥ የሚል ወጣት ነው የምንፈልገው" አላት። ሌሎቹ "እንደውላለን" ብለው ቀሩ። የቀራት ይኸኛው ብቻ ነው። ለዚሁ ብላ የልጇን ጃኬት ለብሳለች። ልጅቱ ጠዋት "እማ፣ ሆድሽን ዋጥ አድርጊው" እያለች በግድ ቆልፋላታለች፤ ከዚያ ወዲህ በሙሉ ልቧ አልተነፈሰችም።

ከጎኗ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ሱፋቸው በደንብ ተተኩሷል፤ ጣታቸው ላይ ግን ታጥቦ ያልለቀቀ የእንጨት ቀለም አለ። ወደሷ ጠጋ አሉ።

"ጠበቃ ነሽ፣ ልጄ?"

አይደለሁም ልትል ነበር። ፊት ለፊት የተቀመጡት ወጣት አመልካቾች ግን ቅድም "እናቴ" ስትባል ሰምተው እርስ በርስ ተያይተዋል። ጠበቃ ብሎ ያለ ቀልድ የጠራት ሰው ደግሞ እኚህ የመጀመሪያው ናቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አላት።

"የሕግ ሰው ነኝ" አለች።

"ተመስገን። እንግዲያ የጨነቀኝን ላውራሽ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አናጢ ነኝ። የምሠራበት ቤት ባለቤት ውሉ ሳያልቅ ልቀቅ ይለኛል። እኔም አልለቅም ብዬ ድርቅ ብያለሁ። ዛሬ ሊያግባቡን ነው የጠሩኝ።"

"ጥሩ ነዋ፤ ውል ካለዎት።"

"ምኑ ጥሩ ነው? መልቀቄ እኮ አይቀርም። እጄ እየተንቀጠቀጠ መጋዝ መያዝ ካቃተኝ ቆየ። ማሽኑን እንኳ ሸጬዋለሁ። ለልጆቼም አልነገርኩ።" ፈገግ አሉ። "ለቤቱ ባለቤትና ለሰዎቹ ግን አልናገርም። እስቲ ትንሽ ይለማመጡኝ።"

እዚህ ላይ ልታስቆማቸው ይገባ ነበር። እሷ ግን የቢሮው ደንበኛ መስለዋታል፤ ራሷን እየነቀነቀች እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው። ስሟ ሲጠራም "በርቺ፣ ጠበቃዬ" ብለው ሸኟት።

የቢሮው ኃላፊ ጠበቃ ታናሽ እህቷ ልትሆን የምትችል ሴት ናት። ክፍሏ በመስተዋት ግድግዳ ከመጠበቂያው ተለይቷል። ማመልከቻውን ወደ ጎን አድርጋ፣

"በዚህ ዕድሜ ለምን ሕግ?" አለቻት።

"ወንበሬ ላይ የሚቀመጡ ሴቶች ባሌ ከቤት አስወጣኝ፣ አሠሪዬ ደመወዜን ከለከለኝ ይሉኛል። እኔ 'አይዞሽ' እያልኩ ጸጉራቸውን እጠቀልላለሁ። አይዞሽ ማለት ሰለቸኝ።"

ጠበቃዋ ሳቀች። ከዚያ ስለ ውል፣ ስለ ማስረጃ፣ ስለ ይግባኝ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ የምታውቀውን አጠር አድርጋ መለሰች፤ አንዱ ጥያቄ ላይ ሳትቀባጥር "ይሄን አላውቀውም" አለች። ጠበቃዋ ይህም ደስ እንዳላት ፊቷ ያስታውቅ ነበር።

"እንግዲህ የሚቀረን መቼ እንደሚጀምሩ መነጋገር ነው" አለቻት። "ከዚያ በፊት ግን፣ እኚያ ሽማግሌ ብዙ ሲያወሩዎት አይቻለሁ። ደንበኛችን ሊያስለቅቃቸው የሚፈልጋቸው ተከራይ ናቸው። አሁን ሳነጋግራቸው ይጠቅመኛል፤ ምን አሉዎት? ይለቃሉ?"

ሴትዮዋ ክው አለች። መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ማሽኑን ሸጠዋል ብትል ነገሩ ያልቃል፤ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች፣ ዘንድሮ ትመረቃለች። ጃኬቱ ይበልጥ ጠበባት።

"እሱን አልነግርዎትም" አለች።

"ለምን?"

"የነገሩኝ ጠበቃ መስያቸው ነው። እኔም አይደለሁም አላልኳቸውም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በኔ ጥፋት እሳቸው መጎዳት የለባቸውም።"

"ሊሠሩ የመጡት እኮ ለዚህ ቢሮ ነው።"

"ነው። ብትቀጥሩኝ ለቢሮው ብዬ የምሰማውን አልደብቅዎትም። ይሄን ግን ለቢሮው ብዬ አልሰማሁትም። ጸጉር ቤቴም ቢሆን ከአንዷ ወንበር የሰማሁትን ለሌላዋ ባወራ ኖሮ እስካሁን በሩ ተዘግቶ ነበር።"

ጠበቃዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች።

"እሺ" አለች በመጨረሻ። "እንደውላለን።"

ሴትዮዋ ይቺን ቃል በደንብ ታውቃታለች። አመስግና ወጣች።

እዚህ ላይ ቀጥ ብላ ወደ ቤቷ ብትሄድ ማንም አይፈርድባትም። ያጣችው ይበቃታል። ሽማግሌው ግን ገና ከሩቅ ሲያይዋት ፊታቸው በራ።

"እንዴት ሆነልሽ፣ ጠበቃዬ?"

አጠገባቸው ተቀመጠች። በሹክሹክታ ልትነግራቸው አሰበችና ተወችው፤ ጠበቃ የተባለችው ጮክ ተብሎ ነው።

"ጠበቃ አይደለሁም፣ አባባ። ጸጉር ሠሪ ነኝ፤ ሕግ ደግሞ ማታ እማራለሁ። ይሄ ቢሮ የቤቱ ባለቤት ጠበቃ ነው፤ እኔም እዚሁ ለመግባት ነው የመጣሁት። የነገሩኝን ለማንም አልተነፈስኩም። ግን አታልዬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።"

ወጣቶቹ ስልካቸውን መነካካት አቆሙ። የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"ተቀይሜሻለሁ" አሉ።

"ይገባኛል።"

"ጉድ እኮ ነው የሠራሽኝ።" ሱፋቸውን አስተካከሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "መምሰሉን ግን ታውቂበታለሽ" አሉ።

ጠበቃዋ በሯን ከፍታ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች ያየ የለም።

"አባባ፣ ዛሬ አንነጋገርም" አለቻቸው። "ጠበቃ ይዘው ይምጡ። ለጠበቃ የሚከፍሉት ከሌለዎት በነፃ የሚቆሙልዎት ሰዎች ስላሉ አድራሻቸውን ይወስዳሉ።" ሴትዮዋን በእጇ እያሳየች ወደ እንግዳ ተቀባይዋ ዞረች። "ለሳቸው ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ጠረጴዛ አዘጋጂላቸው። የትምህርት ክፍሉንም ደብዳቤ ዛሬውኑ ጻፊላቸው። የአባባን ፋይል ግን እንዳታሳዪያቸው።"

ሴትዮዋ ስትነሣ የጃኬቱ ቁልፍ ተበጥሶ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ አንሥተው የሰጧት ሽማግሌው ናቸው።

"ሰኞ በጠዋት ይምጡ፣ እናቴ" አለቻት እንግዳ ተቀባይዋ፣ ደብዳቤውን እየሰጠቻት። ለማስተካከል አፏን ስትከፍት ሴትዮዋ ቀድማ ሳቀች።

ደረጃው ላይ ሳለች ልጇ ደወለች። ሁለቱ የሚደባበቁት ነገር የለም። እናትየዋ የደንበኞቿን ወሬ ለሌላ ደንበኛ አትተነፍስም እንጂ፣ ማታ እራት ላይ ለልጇ ስም እየደበቀች ታጫውታታለች፤ ልጅቱም ስሙን ሳይነግሯት ታውቀዋለች።

"እማ፣ እንዴት ሆነ?"

"ሰኞ እጀምራለሁ።"

ልጅቱ እልል ልትል ምንም አልቀራት። አንድ በአንድ ጠየቀቻት፤ እናትየዋም ስለ እንግዳ ተቀባይዋ፣ ስለ ጠበቃዋ መነጽር፣ ስለ ይግባኙ ጥያቄ አወራቻት።

"ከሁሉም የከበደሽ ጥያቄ የትኛው ነበር?"

ሽማግሌው ከፊቷ፣ የደረጃውን ድጋፍ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ይዘው ይወርዱ ነበር። እስኪርቁ ቆመች።

"እሱን አልነግርሽም" አለች።

"እኔን?"

"አንቺንም። ይልቅ ቁልፍ በጥሼብሻለሁ፤ ማታ መርፌና ክር አዘጋጂ።"