ከወይራው በታች ያለው መንገድ

አሳምነው የአዲሱን መንገድ መነሻ ሊያመለክት የተከለውን ችካል መልሶ ነቀለው። ሲነቅል ይህ ሦስተኛው ስለሆነ፣ ዶማውን ተደግፎ የሚጠብቀው የመንደሩ ጎረምሳ ሸጋው ትዕግሥቱ አለቀ።

"ኧረ አንተ ሰው፣ ለሚካኤል እኮ የቀረው ሁለት ቀን ነው። አሁን ደግሞ ምን ጎደለው?"

አሳምነው ከሰቆጣ የገዛውን ሲባጎ ጠቀለለ። ዐይኑ ከዳገቱ ሥር ካለችው የእናቱ ቤት አልተነሣም።

እናቱ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ዓምና በክብረ በዓሉ ዕለት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣውን ዳገት ሲወጡ እኩሌታው ላይ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ጎረምሶች በቃሬዛ አወረዷቸው። ዕድሜ ልካቸውን በእግራቸው ከወጡበት ዳገት በሰው ጫንቃ መውረዳቸውን እንደ ውርደት ቆጠሩት። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስመው አያውቁም። ለልጃቸው ይህ የእግር እሳት ሆኖበታል።

አሳምነው ከዱባይ ወደ ትውልድ አገሩ ደሃና የተመለሰው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ሦስት ዓመት በጎልፍ ሜዳ ሣር አጭዷል። ሁለት ዓመት ደግሞ ሰው በስኪ በሚንሸራተትበት ትልቅ አዳራሽ ውስጥ በረዶ ሲደለድል ኖሯል። በዚያ ሐሩር በጣሪያ ሥር በረዶ ይጋገራል ሲል የመንደሩ ሰው ለሳምንት ስቆበታል። እሱ ግን እዚያ አንድ ነገር ገብቶት ነበር። አንዱ ሣር፣ ሌላው በረዶ ይሁን እንጂ የሁለቱ ነዳፊዎች ሐሳብ አንድ ነው። መሬቱ ወዴት እንደሚያዘነብልና ውኃው በየት እንደሚወርድ ሳያዩ አካፋ አያነሡም። ከሁሉም በላይ፣ ለብርቱውም ለደካማውም በዚያው ተዳፋት ላይ ቦታ ያበጃሉ። በበረዶው ላይ የለመደው ቁልቁል ይወረወራል፣ ጀማሪው ዳር ዳሩን ዞሮ እዚያው ይደርሳል። በጎልፉም ሽማግሌ ኳሱን ከቀረብ ብሎ ይምታ እንጂ ጉድጓዱ ለሁሉም አንድ ነው።

ይህን ለሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ለአያ መንግሥቴ ሲያስረዳቸው ወደዱለት። ምእመኑ ወጥቶ ከቀጥታው ዳገት ጎን ጋራውን እየዞረ የሚወጣ መንገድ ጠረገ። ነገሩን ያበላሸው የአሳምነው የገዛ አፉ ነው። በጉባኤው መካከል ተነሥቶ፣ መንገዱ እንደ እናቴ ጉልበታቸው ለደከመ ነው አለ። በማግስቱ አገሩ ሁሉ "የወለተ ሚካኤል መንገድ" ይለው ጀመር።

ዛሬ ጠዋት መንገዱን እንዲሞክሩት ሲለምናቸው እናቱ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

"በሰው ፊት ደካማ ብለህ ስም አወጣህልኝ። ዘንድሮ ከደጄ ሆኜ እሳለመዋለሁ።"

እንግዲህ ችካል የሚያስነቅለው ይኸው ነው። ሁለቱ መንገዶች የሚለያዩት እታች፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት ቦታ ነው። እዚያ የቆመ ሰው ደካማ ነኝ ወይም ብርቱ ነኝ ብሎ መምረጥ አለበት። በበረዶው አዳራሽ ግን ማንንም በር ላይ አቅሙን አይጠይቁትም። ሁሉም በአንድ በር ገብቶ በአንድ ማጓጓዣ ወንበር ወደ ላይ ይወጣል፤ መለያየቱ ከላይ ነው።

"የድሮውን መግቢያ እንዝጋው" አለ አሳምነው። "ሁሉም ሰው በአዲሱ ይጀምር። ቀጥታውን የሚፈልግ ዳገቱ መሐል፣ መንገዶቹ የሚቀራረቡበት ወይራ ጋ ሲደርስ ይታጠፍ።"

"እኔም ልዞር ነው?"

"አንተም። ጉልበትህን ለማሳየት ከወይራው በላይ ያለው ይበቃሃል።"

ሸጋው ሳቀና ዶማውን አነሣ። አያ መንግሥቴ ሐሳቡን ሲሰሙ መጀመሪያ አመነቱ፤ በኋላ ግን የድሮውን መግቢያ ጎርፍ ሸርሽሮት ማየታቸው ትዝ ሲላቸው ራሳቸው ድንጋይ ማቀበል ጀመሩ። በማግስቱ ማታ ቦታው በካብ ተዘግቶ ነበር።

በሚካኤል ዕለት ወለተ ሚካኤል ሊሳለሙ ከደጃቸው ብቅ ሲሉ፣ ቄሱም ኮረዳዋም ሸጋውም በአንድ መንገድ ሲያልፉ አዩ። የድሮው ምን ሆነ ብለው ጠየቁ። አያ መንግሥቴ ጎርፍ ስለበላው እንደተዘጋ ነገሯቸው፤ ውሸትም አልነበረበትም። ወለተ ሚካኤል ወደ ካቡ ተመለከቱ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ምርኩዛቸውን ይዘው ከሰዉ ተቀላቀሉ።

ወይራው ሥር ሰው ሁሉ ዐረፍ ሲል እሳቸውም ዐረፉ። ሸጋውና ጓደኞቹ ወደ ቀጥታው ታጠፉ። እናቱ ሲነሡ፣ እስከዚያ ከኋላ ከኋላቸው የመጣው አሳምነው ክንዳቸውን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። እጁን አዩት፤ ቀጥለውም ብቻዬን እወጣለሁ በሚል ዐይን እሱን። አሳምነው ደስታውን መደበቅ አቅቶት እጁን ኪሱ ከተተና ጎረምሶቹን ተከተለ።

"አሳምነው" አሉ እናቱ የዙሪያውን መንገድ እየጀመሩ። "ቀስ ብለህ ውጣ፤ በዚያ በኩል ያንሸራትታል።"

"እሺ እናቴ" አለና ዞሮ ሳያያቸው ዳገቱን ተያያዘው።