ጥፋተኛው ሰጋቱራ

አናጢው ፍራሹን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣለና ከመኝታ ቤት ወጣ።

"ደግሞ ወዴት ነው?" አለች ሚስቱ።

"እንጨት መሥሪያው ውስጥ ነው የማድረው። ሰጋቱራዬ ነው እንዲህ የሚያሳክክሽ። እስኪሻልሽ አጠገብሽ አልደርስም።"

ወይ ጉድ! ክንዷና አንገቷ ላይ ለወጣው ቀይ ሽፍታ መጀመሪያ ሳሙናውን ጣለ፣ ቀጥሎ አንሶላውን ሁሉ ቀቀለ፣ አሁን ደግሞ ተራው የራሱ ሆነ። እርግጥ "ሳታራግፍ እንዳትገባ!" እያለች ዕድሜ ልኩን በር ላይ ስታስቆመው የኖረችው እሷው ነች።

ሰጋቱራው ግን የለበትም። ሽፍታው የጀመራት ሁለተኛውን የካንሰር መድኃኒት፣ ኬሞ፣ ወስዳ ከሰነበተች በኋላ ነው። ነርሷም "ቀናት ቢያልፉም እንኳ ቆዳዎ ላይ አንድ ነገር ካዩ ይንገሩን፤ ሰውነትዎ መድኃኒቱን አልቀበል ብሎ ሊሆን ይችላል" ብላታለች። ታዲያ እንዴት ትንገር? ጡቷ ላይ ያለው እብጠት እየሟሸሸ ነው። መድኃኒቱን ቢያቋርጡባትስ? እጀ ረጅም ቀሚስ ሰፍታ ለበሰችና ዝም አለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለች ሰው ስትመክር የነበረች ሴት!

ጠዋት ቁርስ ይዛለት ሄደች። መላጊያውና መጋዙ ተወልውለው ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል።

"እዚያው ሁኚ፣ አትጠጊኝ!" አላት ወደ ኋላ እያፈገፈገ። "ዕቃዎቹን የሚገዛ ሰው ይመጣል። የጥበቃ ሥራ አላጣም።"

እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን ዘረጋችለት።

"አንተ ጅል! ሰጋቱራ አይደለም፣ መድኃኒቱ ነው። እያወቅኩ ነው የደበቅኩህ። እንዳያስቆሙብኝ ፈርቼ..." ለቅሶው አላስጨረሳትም።

"አንቺን ካጣሁ የእብጠቱ መጥፋት ምን ሊረባኝ ነው?" ብሎ ጮኸባት፤ ወዲያው ደግሞ እጇን ይዞ ወደ ሐኪም ቤት ገሰገሰ።

ሐኪሟ ሽፍታውን አገላብጣ አየች።

"እንኳን መጡ። ዝም ብለው የሚቀጥለውን ቢወስዱት ኖሮ ሊብስብዎት ይችል ነበር። በሌላ መድኃኒት እንቀይረዋለን እንጂ ሕክምናው አይቋረጥም።"

"ሰጋቱራውስ፣ ዶክተር?" አለ ባል።

"የምን ሰጋቱራ?"

ሚስት ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።

ማታ አናጢው ፍራሹን ተሸክሞ መጣና እንደ ልማዱ በር ላይ ቆሞ ልብሱን ማራገፍ ጀመረ።

"ተወው፣ የኔ ጌታ። እንዳለህ ግባ" አለችና ሰጋቱራ የሞላው ደረቱ ላይ ተለጠፈች።