በሃሌታው ሀ የተጻፈችው

የመዝገብ ቤቱ የሃሌታው ሀ መደርደሪያ በተቃጠለ በሦስተኛው ቀን፣ ዶሴያቸው የነደደ ወታደሮች ሁሉ ፊታቸው ከየፎቶግራፉ ጠፋ። በጦርነቱ ከሞተች ዓመት የሆናት የአሥር አለቃ ሐረገወይን ፊትም ጠፋ። በቤቷ ግድግዳ ላይ ባለው ፎቶ ቆቧና አንገቷ ቀርተዋል። በመካከላቸው ከኋላዋ የነበረው አጥር ይታያል።

ባሏ ይርዳው ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ የአምስት ዓመት ልጃቸውን ፍኖትን ይዞ ወደ መዝገብ ቤቱ ሄደ። ሰልፍ ነበር።

«ያንተ ምን ቀረ?» አሉት ከፊቱ የቆሙት አዛውንት።

«ቆቧ። የእርስዎስ፣ አባባ?»

«የልጄ ጥርስ። ፎቶ ስትነሳ አትሳቅ ብዬው ነበር፤ እንኳን አልሰማኝ።»

የመዝገብ ሠራተኛዋ ወይዘሮ አስካለ የሐረገወይንን ስም ሲሰሙ ግራ ገባቸው። «ሐረግ በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው። ያ መደርደሪያ አልተነካም፤ ታዲያ እንዴት ጠፋች?» ብለው ሊፈልጉ ወደ ውስጥ ገቡ። ቆይተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

«ቅጹን ማን ነው የሞላው?»

የክተት ጥሪው የመጣ ዕለት ሐረገወይን የልጇን ፀጉር እየሠራች ነበር፤ እጇ ነፃ አልነበረም። ቅጹን የሞላላት ይርዳው ነው። ስሟን በሃሌታው ሀ ጻፈው። እሷም አይታ «አስተማሪህ ባየህ! ሰርዘው» ብላ ሳቀች። ሥርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ አይቀበሉም ብሎ ተወው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አይዞህ፣ ወንድሜ። በቃል ሌላ ዶሴ ይከፈታል። መልኳን ንገረኝ።»

ይርዳው አፉን ከፈተ። ፊቷ ከእሱም ትዝታ ጠፍቷል።

«ድምፅዋን ልንገርዎት?»

«ቅጹ ለድምፅ ቦታ የለውም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለች ፍኖት። «ሰው ሁሉ እናትሽን ትመስያለሽ ይለኛል።» ጣቷን ግራ ጉንጯ ላይ አደረገች። «እዚህ ጋ ስርጉድ።»

ወይዘሮ አስካለ «ስርጉድ፣ በግራ ጉንጭ» ብለው ጻፉ። ይርዳው ከጋዜጣው ፈትቶ በያዘው ፎቶ ላይ፣ ከአጥሩ ፊት፣ ስርጉድ ያለው አንድ ጉንጭ ወጣ። የፍኖት ጉንጭ ስርጉዱ ጠፍቶ ለጥ አለ።

ይርዳው ሁለቱን ጉንጮች ተራ በተራ አየ። ይበቃል ሊል አስቦ ተወው፤ ፎቶውን ትንሽ ቀና አደረገው።

«ቀጥይ፣ የኔ እናት» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

ፍኖት ጣቷን ወደ ዓይኗ አነሳች።